ግግ የሚያወጡትን ሴትዮ ከመጥራታችሁ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጥሯት

ባህር ዳር አባይ ማዶ ለምትኖሩ፣ በተለይ ልጅ ጥርስ እያወጣ እንቅልፍ ለነሳችሁ፦ የሰፈራችንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሳላመሰግናት ባልፍ ደግ አይሆንም። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ።

ልጄ ስምንት ወሩ ነው። ለሃጩ ደረቱን ያርሰዋል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ ሌሊት ያለቅሳል። በዚህ ላይ ተቅማጥ ያዘው። አማቴ አፉን ከፍተው አዩና «ግግ ነው፣ ቶሎ ይውጣለት» አሉ፤ ድዱ ላይ ያበጠው ተፈልቅቆ ይውጣ ማለታቸው ነው። የሚያወጡ ሴትዮም ያውቃሉ። ልጆቻቸውን ሁሉ እንዲህ ነው ያሳደጉት፤ እኔ ምን ብዬ ልከራከር?

የጤና ባለሙያዋ ግን መጥታ አልተቆጣችም። «ጎጂ ልማድ» የሚል ንግግርም አላሰማችን። ቁጭ ብላ ቡናዋን ጠጣች። ከዚያ የስልኳን መብራት አበራችና «እማማ፣ እስኪ እርስዎም ይዩት» አለች። «ይሄ ያበጠው በሽታ አይደለም። ገና ያልወጣ ክራንቻው ነው። ተፈልቅቆ ከወጣ ይደማል፣ ያመረቅዛል። ከሥሩ ያለው ዋናው ጥርስም ሊበላሽ ይችላል።»

«ተቅማጡስ?» አሉ አማቴ። እንዲህ በዋዛ የሚለቁ ሴት አይደሉም።

«መዳህ ጀምሯል፣ ምግብም ጀምሯል። መሬት የነካው እጅ ወዲያው አፍ ውስጥ ነው። ተቅማጡ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ከጥርሱ ጋር ጊዜው ገጠመ እንጂ።»

አማቴ ዝም አሉ። ሴትዮዋም ሳይጠሩ ቀሩ።

ለተቅማጡ በውሃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስና የዚንክ እንክብል ሰጠችን። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን መሙላት አለበት፣ ጡትም አይቋረጥም ብላለች። ለድዱ ደግሞ እጅን በሳሙና ታጥቦ በጣት ቀስ አድርጎ ማሸት። ንጹሕ ጨርቅ አርጥቦ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየትና እንዲያኝከው መስጠት። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይገባም፣ በረዶ የሆነ ነገር ድዱን ይጎዳል። በባህር ዳር ሙቀት ያ ጨርቅ ለልጄ ተድላ ነው። ድድ የሚያደነዝዝ ቅባት እንዳንገዛም አስጠንቅቃናለች፤ ለሕፃን አደገኛ ነው።

ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ጡት እምቢ ካለ በጥርስ አታሳብቡ፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት ብላለች።

እኔ እጇ ይባረክ እላለሁ። ጤና ጣቢያው ሄዳችሁ ሰፈራችሁን ብትናገሩ ያገናኟችኋል። ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ስለምትዞር ጠዋት ሞክሩ። ክፍያ የለውም።