ጥቅሉ ላይ «ዩቪ» የተጻፈበት የግሪን ሃውስ ላስቲክ፦ ለማን ይሆናል?

በሰበታ፣ በሆለታ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ ለአበባና ለአትክልት የሚወጠረው 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው ላስቲክ ጥቅሉ ላይ «ዩቪ» (ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር) የሚል ጽሑፍ አለው። ገዢው ሰብሌን ከጨረር ይጋርድልኛል ብሎ ይወስደዋል። ጽሑፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ራሱ ስለ ላስቲኩ ነው፤ ፀሐይ ቶሎ እንዳትበላው ማረጋጊያ ገብቶበታል ማለት ነው። ጨረሩን ለሰብሉ ማሳለፍ አለማሳለፉ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ልዩነቱ ችግኝ ላይ ይታያል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር የዩቪ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እነዚህ አካባቢዎች ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ቅጠል ዩቪ-ቢን (ጠንካራውን የዩቪ ክፍል) የሚለይበት ዩቪአር8 የሚባል ፕሮቲን አለው። ጨረሩ ሲነካው በላይኛው የቅጠል ሽፋን ውስጥ ፍላቮኖይድ የሚባል ንጥረ ነገር እንዲከማች ያዛል። ይህ ንጥረ ነገር ዩቪን ይውጣል፤ ቅጠሉ ምግብ የሚሠራበትን ብርሃን ግን ያሳልፋል። ለዓይናችን አይታይም ለማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ያልተጠበቀ አይደለም። ዩቪ በሚያግድ ላስቲክ ሥር ያደገ የቲማቲም ወይም የቃሪያ ችግኝ ይህ ጋሻ ይሳሳበታል። በጥቅምት ሰማይ ጠርቶ ሳለ በቀጥታ ማሳ ላይ ሲተከል በ2 ወይም በ3 ቀን የቅጠሉ ፊት ይነጣል፣ ወይም ነሐስ ይመስላል። ገበሬው ውኃ ያንሰዋል ብሎ ያጠጣል፤ ቅጠሉ ግን አልጠወለገም፣ የተቃጠለው ፀሐይ ያየው ገጽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለቀይ ጽጌረዳ ዩቪ አጋጁን ላስቲክ ያለ ማንገራገር እንመርጣለን፤ ዩቪ የቀይ አበባን ጠርዝ ያጠቁራል፣ የጠቆረ አበባ ደግሞ ለኤክስፖርት አይሆንም። ነጭ ዝንብና ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይም በዩቪ ስለሚያዩ ከሥሩ ይቀንሳሉ። ንብም ግራ ይገባታል፣ በንብ ለሚዳቀል ሰብል ይህ ጉዳት ነው። ለቀይ ሰላጣ ግን አጋጁን አትግዙ፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ደንበኛም አይወስደውም። ለችግኝ ጣቢያም የሚያሳልፈው ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ለመለየት ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠቁር መነጽር ይበቃል። አንዱን መስታወት በላስቲኩ ሸፍኖ ፀሐይ ላይ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። የተሸፈነው ካልጠቆረ ላስቲኩ አጋጅ ነው። ከጠቆረ ዩቪ-ኤ (ደከም ያለው የዩቪ ክፍል) ያልፋል፤ ለዩቪ-ቢ ግን የአምራቹን የብርሃን ማሳለፊያ ግራፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውፍረቱንም በሚዛን ፈትሹ፦ የ200 ማይክሮን 1 ካሬ ሜትር 184 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 140 ከሆነ የተሸጠላችሁ 150 ማይክሮን ነው።

አጋጁ ከተገዛ በኋላም ችግኝ ማፍላት ይቻላል፣ ማለማመድ ግን ግድ ነው። ከመትከሉ 7 እስከ 10 ቀን በፊት ውኃ ይቀነሳል፤ ችግኙ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ይወጣል፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት እየተጨመረ ቀኑን ሙሉ ውጪ ይውላል። በ6 ሰዓት ፀሐይ የሚጀምር ሰው ችግኙን ራሱ ያቃጥለዋል። የግሪን ሃውሱን ጎን ጠቅልሎ ማንሳት ብቻ አይበቃም፣ ከላይ የሚመጣው ጨረር አሁንም ይታገዳል።

የላስቲኩን ዕድሜ በተመለከተ ከትልልቆቹ ጠላቶች አንዱ ሰልፈር ነው። ለዱቄታማ በሽታ ሰልፈር ሲተን ላስቲኩ ውስጥ ያለውን ሃልስ የተባለ ማረጋጊያ ይበላዋል፤ ዩቪ የሚያሳልፉት ላስቲኮች ደግሞ በብዛት የሚደገፉት በሃልስ ነው። ቀጥሎ የሚጎዳው ፀሐይ ያጋለው ብረት ነው፦ ላስቲኩ የግሪን ሃውሱን የብረት ቱቦ በሚነካበት ሁሉ ብረቱ ነጭ ቀለም ይቀባ፣ አለዚያም በነጭ ቴፕ ይጠቅለል። ሲወጠርም ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ ይሁን፤ ላልቶ የሚያርገበግብ ላስቲክ መጀመሪያ የሚቀደደው ማሰሪያው ሥር ነው።