የላይፕዚግ የመጻሕፍት ሽልማት ለሐረርና ለድሬዳዋ ተርጓሚ ምን ይጠቅማል?

ድሬዳዋ ላይ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ ልተርጉም ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በመዝገበ ቃላት አይደለም። የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ በሚለው ነው። ወደ ከዚራ ሰፈር ወርዶ የጀርመንኛ ልቦለድ ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ ካልጣመው መልሶ መደርደሪያው ላይ የሚያስቀምጥበት ቤት የለም። በየዓመቱ ከሚታተመው ክምር ውስጥ የሚለይለት የሌላ ሰው ወንፊት ያስፈልገዋል። በጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ የሚሰጠው የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ሽልማት ለዚህ ሥራ ከሚገኙት ወንፊቶች ሁሉ የተሻለው ነው። እንከኑ ግን ቀላል ስላልሆነ አጠቃቀሙን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሽልማቱ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል። ዘርፉ ሦስት ነው፤ ልቦለድና ግጥም፣ ኢ-ልቦለድ፣ ትርጉም። መጻሕፍቱን የሚያቀርቡት አሳታሚዎች ናቸው፤ ሰባት ዳኞች ከየዘርፉ አምስት አምስት፣ በድምሩ 15 ዕጩ ይለያሉ። አሸናፊዎቹ የሚታወቁት በዐውደ ርዕዩ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መጋቢት ውስጥ ይውላል። ጠቅላላ ገንዘቡ 60,000 ዩሮ ሲሆን ተርጓሚው የሚያገኘው ከደራሲው አያንስም። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ተርጓሚው በደራሲው ጥላ ሥር ሳይሆን በራሱ ስም ተጠርቶ መድረክ ላይ ይቆማል። የሽቱትጋርት ከተማም የጎተንና የሺለርን ሥራዎች ባሳተመው በከተማዋ ልጅ በኮታ ስም ደራሲንም ተርጓሚንም የምታከብርበት ሽልማት አላት። ለእኛ ሥራ ግን የላይፕዚጉ ይበልጥ ይመቻል፤ በየዓመቱ ስለሚመጣና 15ቱ ስሞች ከአሸናፊዎቹ ቀድመው ስለሚወጡ።

ስለዚህ አሸናፊውን አትጠብቁ፤ የዕጩዎቹን ዝርዝር ያዙ። ዳኞቹ ቋንቋውን ጨምቆ የሚጽፍ ደራሲ ይወዳሉ፤ ያሸነፈው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ለመተርጎም ከሁሉም የከበደው ሆኖ ይገኛል። በ2015 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው የያን ቫግነር የግጥም መድበል ነበር። በ2022 ደግሞ የቶመር ጋርዲ መጽሐፍ አሸነፈ፤ ግማሹን ደራሲው ራሱ ሆን ብሎ በተሰባበረ፣ ገና ቋንቋውን እየለመደ ባለ ሰው ጀርመንኛ ጻፈው፤ ሌላው ግማሽ በዕብራይስጥ ተጽፎ አነ ቢርከንሃወር ወደ ጀርመንኛ የመለሰችው ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ወደ አማርኛ ለማምጣት የተሰበረ አማርኛ መፍጠር ሊኖርባችሁ ነው። የማን ስብራት ይሁን? ጾታ የሚያምታታ፣ ግስ የሚያጎድል፣ «መጣሁ» ለማለት «መጣ» የሚል? እንደዚህ ያለውን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ሥራው የሚመርጥ ሰው ሁለተኛ መጽሐፍ አይጀምርም።

ዝርዝሩ ሲወጣ እንዲህ ይሠራል። የትርጉም ዘርፉን አምስት መጻሕፍት ለብቻ አስቀምጡ፤ እነሱ ከሌላ ቋንቋ ወደ ጀርመንኛ የገቡ ስለሆኑ ለመማሪያ እንጂ ለመተርጎሚያ አይሆኑም። ለቀሩት አሥር የየአሳታሚውን ገጽ ክፈቱና ጀርመኖቹ «ሌዘፕሮበ» የሚሉትን የናሙና ገጽ አውርዱ፤ በነፃ ነው። ከናሙናው መጀመሪያውን ሳይሆን ንግግር ያለበትን አንድ ገጽ መርጣችሁ ተርጉሙት። መክፈቻውን ደራሲው ደጋግሞ ያሸዋል፤ የመጽሐፉ እውነተኛ ጠባይ የሚታየው መሃል ላይ ሰዎች ሲነጋገሩ ነው። አንዷ ገጽ ከሁለት ቀን በላይ ካስያዘቻችሁ ወይም ከሦስት በላይ የቃላት ጨዋታ ካለባት መጽሐፉን ተዉት። 250 ገጽ በቀን ሁለት ገጽ ቢሄድ እንኳ ያለ እርማቱ 125 የሥራ ቀን ነው።

ለሐረር ሰው ለልምምድ ከዝርዝሩ ሁሉ የሚመከረው በ2006 ያሸነፈው የኢሊያ ትሮያኖፍ «የዓለማት ሰብሳቢ» ነው። ዋና ገጸ ባሕሪው በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ጀጎል ገብቶ አሥር ቀን የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። ልቦለዱ በሕንድ፣ በዐረብ አገርና በምሥራቅ አፍሪካ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ የአፍሪካው ክፍል የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ስለሆነ ሐረርን እጠብቃለሁ የሚል አንባቢ ቅር ይለዋል። ለተርጓሚ ግን ውድ ነው። የግመል ጉዞው፣ የሸመናው፣ የገበያው፣ የሶላቱ ቃል ሁሉ እዚህ በየቀኑ የምንጠቀምበት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ በመዝገበ ቃላት የሚፈልገውን የሐረር ልጅ ከሸዋ በር ገበያ ያመጣዋል። እንግሊዝኛ ትርጉሙም ስላለ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ይቻላል።

ማመሳከር ሲባል ግን ከእንግሊዝኛው መተርጎም ማለት አይደለም። አንዲት ቀላል ዐረፍተ ነገር እንይ፤ «ኢኽ ቫይስ፣ ዳስ ዚ ጌስተርን አውስ ሐረር ጌኮመን ዚንት።» ትናንት ከሐረር እንደመጡ አውቃለሁ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያልፍ «ዚ» ተራ «ዩ» ይሆናል፤ እንደመጣህ፣ እንደመጣሽ፣ እንደመጡ ወይስ እንደመጣችሁ የሚለው እዚያው ይቀራል። ከጀርመንኛው በቀጥታ ሲመጣ አክብሮቱ አብሮ ይመጣል፤ ጥገኛው ሐረግም ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ከአማርኛችን ጋር ይገጥማል። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ወጥመድ ያላቸው መሆኑ ነው። «እንደመጡ» እርስዎም እነሱም እንደሚሆን ሁሉ «ዚ»ም እርስዎም እነሱም ነው። ጀርመኖቹ በጽሑፍ የሚለዩት እርስዎ የሆነችውን በትልቁ ፊደል በመጀመር ነው። «ዚ» ዐረፍተ ነገር መክፈቻ ላይ ስትውል ግን ሁሌም በትልቁ ስለምትጻፍ ምልክቱ ይጠፋል፤ ያኔ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ተመልሶ ማን ለማን እየተናገረ እንደሆነ ማጣራት ግድ ነው። የጀማሪ ትርጉም በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ቦታ ነው።

የድሬና የሐረር ልጅ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኛ አማርኛ «አንተ»ና «አንቺ» ለትልቅም ለትንሽም ይሆናል፤ ቅርበት እንጂ ንቀት የለበትም። የጀርመን ልቦለድ ግን ሁለት ሰዎችን 200 ገጽ ሙሉ በ«ዚ» አነጋግሮ አንድ ምሽት ላይ ወደ «ዱ»፣ ማለትም ወደ አንተና አንቺ፣ ሊያሻግራቸው ይችላል፤ የታሪኩ ልብ ያቺ ቅጽበት ልትሆን ትችላለች። ከገጽ 1 ጀምሮ «አንተ» ያለ ተርጓሚ ገጽ 201 ላይ የሚሰጠው ነገር አይኖረውም። ጆሮ ቢጎረብጠውም እስከዚያ «እርስዎ»ን መጠበቅ አለበት። በጣም ከከበደ ከመሻገሩ በፊት «አቶ» እና «ወይዘሮ»ን ከስም ጋር፣ ከተሻገረ በኋላ ስሙን ብቻ መጥራት ይረዳል።

ያቺው ዐረፍተ ነገር ስለ ክፍያም ትናገራለች። በጀርመንኛ 9 ቃል፣ በአማርኛ 4 ቃል ናት። በአማርኛው ቃል ልክ ክፍያ የሚዋዋል ተርጓሚ ከሥራው ከግማሽ በላይ በነፃ ይሰጣል። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ በፊደል ቁጥር መዋዋልም ያው ጉዳት ነው። ውሉ በምንጩ ጽሑፍ ይሁን፤ ጀርመኖቹ የሚጠቀሙበት መደበኛ ገጽ 30 መስመር፣ በመስመር 60 ምልክት፣ ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 1,800 ነው። ለአሳታሚውም ለተርጓሚውም ከዚህ የተሻለ ልክ የለም።

ናሙናውን ለማተም ድሬዳዋ ላይ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ በሙቀቱና በበርጫው ሰዓት ብዙ ኮፒ ቤት ይዘጋል። በፍላሽ የምትወስዱት ፒዲኤፍ ይሁን። የዎርድ ፋይል ከሆነና ማሽኑ ላይ የቆየ የግዕዝ ፎንት ከተመረጠ፣ ሁለት ነጥብ ያላቸው የጀርመን ፊደላት ወደ አማርኛ ፊደል ተለውጠው ይወጣሉ፤ የድሮዎቹ ፎንቶች የእኛን ፊደል ያስቀመጡት በእነሱ ቦታ ላይ ነውና። ጥረዛው በስፓይራል ይሁን። በሙጫ የተጠረዘ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሙጫው ይለሰልስና ገጹ ይረግፋል። ግራ ኅዳጉን 3 ሴንቲ ሜትር ተዉለት።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንከን። ከ2005 እስከ 2025 በትርጉም ዘርፍ ካሸነፉት መካከል ከአፍሪካ ቋንቋ የተተረጎመ አንድም የለም። ቻይንኛ አለ፤ ተርጓሚዋ ኤፋ ሉዲ ኮንግ በአንድ የቻይንኛ መጽሐፍ ላይ 17 ዓመት ሠርታ በ2017 ተሸለመች። ኮሪያኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ሮማኒያኛ፣ ሀንጋሪኛ፣ ቤላሩስኛ አሉ። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ተምሮ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ስለነበር፣ የጀርመን አንባቢ አማርኛን አላወቀም ሊባል አይችልም። አሳታሚው ካላቀረበ ዳኛው አያይም፤ ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ያም ሆኖ ያሳዝናል። ሁለተኛው እንከን ዳኞቹ ለአሸናፊው የሚሰጡት ምክንያት ጥቂት ዐረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ለአንባቢ ይበቃ ይሆናል፤ የእጅ ሥራውን ልማር ለሚል ተርጓሚ ግን የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደተደረገ አይነግርም።

መጽሐፉ ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ፈቃድ ነው። የመብቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ከርዕስ ገጹ ጀርባ ይገኛል። ለአሳታሚው የመብት ክፍል በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ የመጽሐፉ ርዕስና አይኤስቢኤን ቁጥር፣ አማርኛ መሆኑ፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ የመሸጫው ዋጋ በብርና የአገር ውስጥ አሳታሚው ስም ይግባ። የመጨረሻው ከሌለ ደብዳቤው ዋጋ የለውም፤ የጎተ ኢንስቲትዩትም የትርጉም ድጋፍ ማመልከቻ የሚቀበለው ከአሳታሚ እንጂ ከተርጓሚ አይደለም። ድካሙን ለጊዜው መሸሽ ለሚፈልግ፣ በጀርመን የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ በ1924 የሞተው ካፍካና በ1942 የሞተው ሽቴፋን ትስቫይክ ነፃ ናቸው። ነፃ የሆነው ግን የደራሲው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ አዲስ እትም ላይ የተጨመረው መግቢያና የግርጌ ማስታወሻ፣ እንዲሁም በቅርብ የወጣ እንግሊዝኛ ትርጉም የየራሱ ባለቤት አለው።