ጥቁር መኪና ደብረ ብርሃን ላይ፦ ላቫጆ ወይስ ሁለት ባልዲ?

ጥቁር ቀለም ምንም አይደብቅም። ፀሐይ ሲያርፍበት ክብ ክብ ሆኖ የሚታየው ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ከአስተጣጠብ የሚመጣ ነው።

ላቫጆ ፈጣን ነው፤ የሥሩን ጭቃም በግፊት ውሃ ያራግፋል። ችግሩ ስፖንጁ ነው። ቀድሞህ የገባውን አይሱዙ ያሸው ስፖንጅ ያንተንም ያሻል፤ ውስጡ የቀረው አሸዋ ቀለሙን ይቧጭራል።

ቤት ከሆነ አንዱ ባልዲ ለመኪና ሻምፖ፣ ሌላው የምታሽበትን ጓንት ማለቅለቂያ ነው። መጀመሪያ አቧራውን በውሃ ብቻ አውርድ። ጥላ ሥር፣ ከላይ ወደ ታች እጠብ፤ በማይክሮፋይበር ፎጣ አድርቅ። ኦሞ አይንካው፤ ዋክሱን (ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም) ይገፈዋል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ቀለም ስለሚበላ ዋክስ የግድ ነው።

ወገብ ያማል፣ አልዋሽህም። ለጥቁር መኪና ግን ምርጫዬ ባልዲው ነው። በክረምት ላቫጆ ከሄድክ ውሃ ብቻ አስረጭ፤ ስፖንጁን ከልክል።