ለአንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠሩትን አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ለማመስገንና ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ይህንን ጽፌአለሁ።

ቶዮታ ኮሮላዬ የፊት ፓራውልቱ ተፈትቶ ቀለም ከተቀባ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የውጭ ሙቀት ከእውነታው እጅግ ራቀ። በሐምሌ ዝናብ፣ ሰው ሁሉ ካፖርት ደርቦ በሚሄድበት ሰዓት፣ መኪናው 38 ዲግሪ ይላል። የቁጥር ስሕተት ብቻ ቢሆን በታገሥኩት ነበር፤ ሆኖም አውቶማቲኩ ኤሲ ይህንኑ ቁጥር ይዞ ቀዝቃዛ አየር ስለሚለቅ፣ ለሕክምና ክትትል የማመላልሳትን እናቴን ብርዱ ይጎዳት ጀመር። ሁለት ቦታ ባሳየው፣ አንዱ የዳሽቦርዱ ጌጅ በሙሉ መቀየር አለበት አለኝ፤ ሌላው የውጭውን ሙቀት የሚለካውን ዕቃ፣ ማለትም አዲስ ሴንሰር እንድገዛ ነገረኝ።

እኚህ ባለሙያ ግን ዕቃ ግዛ ከማለታቸው በፊት ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ አዩ። ማቀፊያው ተሰብሮ፣ ሴንሰሩ በሽቦው ተንጠልጥሎ የኤሲው ኮንደንሰር (የኤሲውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ላይ ተደግፎ ተገኘ፤ ለካ ሲለካ የከረመው የአዲስ አበባን አየር ሳይሆን የኮንደንሰሩን ትኩሳት ነው። «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ሲሞቅ ኦሙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ፣ ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይጨምራል» ብለው ነቅለው በቴስተር ለኩልኝ። ወደ 20 ዲግሪ በሚጠጋ ጥላ ውስጥ 2 ኪሎ ኦም ገደማ አሳየ፤ የዚህ መኪና ትክክለኛ ልክም ይኸው ነው። ጫፉን በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ደግሞ ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። ሴንሰሩ ጤነኛ መሆኑን በዓይኔ አየሁ። የሶኬቱን አረንጓዴ ዝገት አጽድተው፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ማቀፊያ አስመጥተው በቦታው አሰሩት።

ሞተሩ ሲነሣ ቁጥሩ ወዲያው ስላልወረደ «ጋሼ፣ አልተስተካከለም እኮ» አልኳቸው። መኪናው ቆሞ ወይም በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሲጓዝ ቁጥሩ ለመለወጥ እንደሚዘገይ በትዕግሥት አስረድተውኝ፣ ሥራቸውን ትተው አብረውኝ ተሳፈሩ። በሜክሲኮ አድርገን መስቀል አደባባይ ስንደርስ 18 ላይ ረጋ። የተቀበሉኝ የእጃቸውን ዋጋና የማቀፊያዋን ብቻ ነው።

ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ፣ አድራሻቸውን የሚሻ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ጋሼ፣ እናቴም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላለች።