የዝምድና ዛፍ በምን ልስራ ለምትሉኝ፦ ኔበር ጆይኒንግ፣ ፓርሲሞኒ፣ ላይክሊሁድ ወይስ ባዬዥያን?

"ሲኩዌንሱ (የዲኤንኤው የፊደል ቅደም ተከተል) ደርሶልኛል፣ ዝርያዎቹ እንዴት እንደሚዛመዱ የሚያሳየውን ዛፍ በምን ልስራው?" የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ከርዕሱ አራት ዘዴዎች መልሴ ማክሲመም ላይክሊሁድ (ዳታውን የማስገኘት ዕድሉ ከሁሉም የበለጠውን ዛፍ የሚመርጠው) ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዋጋውን እናንሳ። ዛፍ የሚሰሩት ፕሮግራሞች፣ ሜጋም፣ አይኪው-ትሪም፣ ሚስተር ቤይስም በነፃ ነው የሚወርዱት፣ የምትከፍሉት ጊዜያችሁን ነው። ለ10 ዝርያ ብቻ ሥር ያልተሰጣቸው (የጋራ ቅድመ አያቱ የት እንዳለ የማያሳዩ) 2,027,025 ዛፎች አሉ፣ 20 ሲሆን ቁጥሩ 21 አሃዝ ይሆናል፣ ስለዚህ ሁሉንም አይቶ መምረጥ የሚባል ነገር የለም፣ ልዩነቱ ማን እንዴት ይፈልጋል ነው።

ኔበር ጆይኒንግ በሴኮንድ ያልቃል፣ ግን ያን ሁሉ ሲኩዌንስ ወደ ርቀት ቁጥር ጨምቆ ነው የሚሰራው። የተቀያየረ ናሙና ለመያዝ አሪፍ ነው፣ ለመጨረሻ ውጤት ግን አልመክርም።

ፓርሲሞኒ ሁለት ወር በልቶብኛል። ትንሹን የለውጥ ብዛት የሚጠይቀውን ዛፍ ይመርጣል፣ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የኔ ዳታ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚለወጡ ሁለት ዝርያዎች ነበሩ፣ ተጣብቀው ወጡ፣ ቡትስትራፑ (ዳታውን በዘፈቀደ ደጋግሞ እየመረጠ ያ ቅርንጫፍ ከመቶ ስንቴ እንደወጣ የሚቆጥረው) ደግሞ 98! በደስታ ምዕራፉን ጽፌ ጨረስኩ። በኋላ አንዱን አውጥቼ ድጋሚ ሳስኬደው ሌላኛው ዘሎ ሌላ ቦታ ገባ፣ ለካ ያጣበቃቸው ዝምድና ሳይሆን የቅርንጫፋቸው ርዝመት ነው። ይሄን የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ፌልሰንስታይን በ1978 አሳይቶታል፣ እንዲህ ሲሆን ዳታ በጨመራችሁ ቁጥር ስህተቱ ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል፣ ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ነገር የለም። ላይክሊሁድ ውስጥ ሳስገባው ሁለቱም ተለያዩ፣ ምክንያቱም አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ለውጥን በሞዴል ያስባል። ሞዴሉ ካልተስማማ እሱም ይሳሳታል፣ ግን አይኪው-ትሪ ሞዴሉን ራሱ ፈትሾ ይመርጥላችኋል፣ የኔን 60 ሲኩዌንስ ላፕቶፕ ላይ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ አወጣው። ብቻ ፈጣኑን ቡትስትራፕ ከተጠቀማችሁ 70ን አትመኑ፣ 95 እና በላይ ነው የሚታመነው።

ባዬዥያን (ብዙ ዛፎችን ናሙና እየወሰደ የእያንዳንዱን ዕድል የሚገምተው) ጥሩ ነው ግን በጊዜ ውድ ነው፣ 11 ቀን አስኪጄው ኢኤስኤሱ (ናሙናው በቂ መሆኑን የሚነግረው ቁጥር) 200 አልሞላም ብሎኛል። መቼ ተለያዩ የሚለውን በሚሊዮን አመት ማስላት ከፈለጋችሁ ግን ቢስት በሚባለው የባዬዥያን ፕሮግራም ላይ ያ ጊዜ አይቆጭም።

በየትኛውም ስሩ፣ መጀመሪያ አላይመንቱን (ሲኩዌንሶቹ ቦታ ለቦታ ጎን ለጎን የተደረደሩበትን) ከፍታችሁ በአይናችሁ እዩት። አንድ ጊዜ ከሁሉም የረዘመ ቅርንጫፍ አይቼ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብዬ ነበር፣ ሲኩዌንሱ ተገልብጦ ገብቶ ነው።