መሰንቆዬን ከጩኸት ያዳነች ቁልፍ፦ ከ9 ወር በኋላ

ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ልክ ሲገቡ መሰንቆዬ ጮኸ። ከፊቴ ካለው ሞኒተር፣ ማለትም ራሳችንን ከምንሰማበት ስፒከር፣ “ዉዉዉ” የሚል ድምፅ ተነስቶ አዳራሹን ሞላው። ሰው ጆሮውን ያዘ። ሳውንድ ማኑ እየሮጠ መጥቶ የእኔን ቻናል ዘጋው። ከዚያ በኋላ እስከ ማብቂያው ድረስ ደጋኔን ስጎትት ዋልኩ፤ ከድራሙና ከቤዙ መሃል ግን የሰማኝ አልነበረም። ሙሽራዋን ያስገባሁበት ዜማ ሳይሰማ ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል።

በወሩ መጨረሻ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ሁለት ዕቃ አስመጣሁ። አንዱ ቆዳው ላይ የሚለጠፍ፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒዞ ፒካፕ ነው። ሌላው የኤል አር ባግስ ፓራ ዲአይ ነው፤ ፒካፑንና ሚክሰሩን የሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን። ስለ ፒካፑ ብዙ የምለው የለኝም። መለጠፊያው ሁለቴ ለቀቀብኝ፣ በሌላ ቀየርኩት፣ አሁን ይሠራል። ዲአዩም በባትሪ ወይም ከሚክሰሩ በገመዱ በሚመጣ ኃይል (ፋንተም) ይሠራል፤ ፒካፑን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ስሰካው የነበረው የቆርቆሮ ድምፅም ጠፍቷል። ፒዞ በጣም ከፍ ያለ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የዚህ መግቢያ 10 ሜጋኦም ነው። እዚህ ድረስ የከፈልኩበትን አገኘሁ።

መጻፍ የፈለግኩት ዲአዩ ላይ ስላለች አንዲት ቁልፍ ነው። ፌዝ፣ ማለትም የድምፁን ሞገድ አቅጣጫ፣ የምትገለብጠዋ ቁልፍ። ሁለት ወር ሙሉ ነክቻት አላውቅም ነበር።

በፊት እንዲህ ነበር የማስበው፦ ፒካፕ ማይክ ስላልሆነ አይጮህም። ለመሰንቆ ይህ አይሠራም። የመሰንቆው ፊት ላይ የተወጠረው የፍየል ቆዳ ራሱ ማይክ ነው። ሞኒተሩ የሚለቀው ድምፅ ቆዳውን ይመታዋል፣ ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ ፒካፑ ያንን መልሶ ወደ ሞኒተሩ ይልከዋል፣ እንደገና ይመጣል። ሬዞኔተር ጊታር የሚጫወቱ ሰዎችም ያለባቸው ችግር ይኸው ነው። ጊታሩ በ1920ዎቹ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ሳይኖር ከነጥሩምባው ኦርኬስትራ መሃል እንዲሰማ ነበር የታሰበው፤ ለዚህም ሆዱ ውስጥ ስስ የብረት ሾጣጣ ገባለት። ድምፁን የሚያጎላው ያ ሾጣጣ፣ ስቴጅ ላይ ደግሞ የሌላውን ድምፅ ሁሉ ይቀበላል። እነሱ ግን ክራቸው ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው ፒካፕ መጠቀም ይችላሉ። የእኛ ክር የፈረስ ጭራ ነው። ማግኔት ጭራን አያውቀውም።

ከዚያ ሰርግ በኋላ ችግሩን ይዤ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሄጄ ነበር። ባለሱቁ ሳይሰማኝ “ወንድሜ፣ ስፒከራችሁ አቅም የለውም፣ እጥፍ ዋት ያለው ውሰድ” አለኝ። የዚያን ቀን የምመልስለት አልነበረኝም፤ ዛሬ ግን አለኝ። ወንድሜ፣ ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ትንሽ ጭማሪ። ደግሞም እኔ ስፒከሩ አነሰኝ አላልኩህም። ገና ግማሹ ላይ ሳለሁ ነው የሚጮኸው። ትልቅ ስፒከር ብገዛ ያንኑ ጩኸት በትልቁ ነበር የምሰማው። እንኳን ብሩን አልሰጠሁህ።

ዲአዩ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የተጠቀምኩት ኖች ፊልተሩን ነው። የሚጮኸውን ድምፅ ፈልጎ በጠባቡ ይቆርጠዋል። የእኔ መሰንቆ የሚጮኸው ከ300 ኸርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ቆረጥኩት፤ ጩኸቱ ቆመ፤ ደስ አለኝ። ግን ትዝታ ስጫወት አንድ ነገር ጎደለኝ። ማረፊያ ድምፄ የለም! መሰንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ዘፋኙ ሲቀየር ቅኝቱም ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዳንድ ቀን ማረፊያዬ እዚያው የቆረጥኩት ቦታ ላይ ይወድቃል። የማለቅስበት ቦታ ላይ ድምፄ ሲጠፋ አስቡት። ያኔ በመግዛቴ ተጸጽቼ ነበር፣ አልደብቅም።

ልምምድ ላይ ቤዝ የሚጫወተው ልጅ “ጋሼ፣ እስቲ ያቺን ቁልፍ ንኳት” አለኝ። ኖቹን አጥፍቼ ነካኋት። ጩኸቱ ጠፋ። ቮልዩሙን ጨመርኩ፣ አሁንም ዝም። እንደገና ጨመርኩ። ከድምፄ ላይ ደግሞ ምንም አልተነካም፤ ጭራው፣ የደጋኑ ፍትጊያ፣ ሁሉም አለ። እዚያው ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫወትኩ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። ከሞኒተሩ የሚመለሰው ድምፅ ቆዳውን የሚገፋው ቆዳው በሚሄድበት አቅጣጫ ሲሆን ጩኸት ይነሳል። ልክ ዥዋዥዌን በሰዓቱ እንደመግፋት ነው። ቁልፏ ግፊቱን ትገለብጠዋለች፤ ያኔ የሚመለሰው ድምፅ ቆዳውን ይይዘዋል እንጂ አይገፋውም። ጨርሶ አታጠፋውም፤ ቮልዩሙን አብዝታችሁ ከከፈታችሁ ሌላ ቦታ ላይ ይጮሃል። ግን ቆዳው በቀላሉ ከማይነሳበት ቦታ ስለሆነ፣ እዚያ እስክትደርሱ ከድራሙ ጋር እኩል ትሰማላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፏን ሞክሩ፣ ኖቹን ለመጨረሻ አቆዩት።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔን ሁለተኛ ጊዜ ሊያዋርደኝ ነበር። በዚያ የጩኸት ቦታ የአንድ ሞገድ ርዝመት ወደ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ግማሹ 60 ሳንቲሜትር፣ አንድ እርምጃ ማለት ነው። ከሞኒተሩ አንድ እርምጃ ስትርቁ ወይም ስትጠጉ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ ቅድም ያዳነቻችሁ ቁልፍ አሁን ታስጮኻለች። እኔ ደግሞ አዝማሪ ነኝ። ሥራዬ ቁሞ መጫወት አይደለም፣ ሰው ጋ ሄጄ ስሙን አንስቼ መግጠም ነው። ሚያዝያ ላይ የሙሽራውን አባት ላወድስ አንድ እርምጃ ስራመድ “ዉዉ” ማለት ጀመረ፤ በእጄ መዳፍ ቆዳውን ይዤ አፈንኩት።

አሁን መድረኩ ላይ ነጭ ቴፕ እለጥፋለሁ። ባንዱ ሙሉ ሲጫወት ከቴፑ አልወጣም። ወደ እንግዳ የምሄድ ከሆነ ሳውንድ ማኑን በዓይኔ እጠራዋለሁ፣ ከሞኒተሩ ላይ መሰንቆዬን ያወርደዋል፣ እኔ ደግሞ ከአዳራሹ በሚመለሰው ድምፅ እጫወታለሁ። በክረምት ቆዳው እርጥበት ስቦ ሲላላ የጩኸቱ ቦታ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከሥራ በፊት ከሰል አጠገብ አሞቀውና እንደገና በሁለቱም በኩል ቁልፏን እሞክራለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ባለፈው እሑድ እዚያው በጥር የጮኸብኝ አዳራሽ ሥራ ነበረን። ሳውንድ ማኑ ያው ሰውዬ ነው። ሲያየኝ እጁ የእኔ ቻናል ላይ ነበር። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ጀመርኩ፣ እሱም እጁን አነሳ።