«ለሁሉም ሰብል ይሆናል» የሚባል የባክቴሪያ ማዳበሪያ እንዳትገዙ

ወገኖች፣ ዘንድሮ እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ክረምት መግቢያ ላይ ለባቄላ ብዬ ከአንድ ሱቅ የባክቴሪያ ማዳበሪያ ገዛሁ። ሻጩ «ለጤፉም፣ ለስንዴውም፣ ለባቄላውም፣ ለጎመኑም ነው። ፈንገስም ባክቴሪያም አለበት። ዳፕና ዩሪያን ደህና ሰንብቱ በላቸው» አለኝ። ፓኬቶቹ በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው የከረሙ ናቸው። የማብቂያ ቀኑ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል። አይቼ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የኔም ነው።

ባቄላው አበባ ሲይዝ አንዱን ከነስሩ ቆፍሬ አወጣሁ። ስሩ ላይ ያሉት እባጮች፣ ባክቴሪያው የሚኖርባቸው፣ ጥቂት ናቸው፣ ያውም ደቃቃ። በጥፍሬ ሰነጠቅኳቸው። ውስጣቸው ነጭ! ባክቴሪያው ቢሠራ ኖሮ እንደ ሥጋ ቀላ ይል ነበር። ዘሩን በባክቴሪያው ሳላሽ የዘራሁት ትልም ላይ ያለውም ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራይዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር ይዞ ለጥራጥሬ ይሰጣል። ግን የባቄላው ለአተርና ለምስር ቢሆን እንጂ ለሽምብራ አይሆንም። አኩሪ አተርም የራሱን ይፈልጋል። ጤፍና ስንዴ ጭራሽ እባጭ አያወጡም። ፈንገሱ፣ ማይኮራይዛ የሚሉት፣ ስር የማይደርስበት ድረስ ቀጭን ክር ዘርግቶ ፎስፈረስ ያመጣል። ባክቴሪያው ናይትሮጅን ለመያዝ ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ ያለ ፎስፈረስ ያ ጉልበት አይገኝም። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ስር ላይ ሲገናኙ ይደጋገፋሉ። ሻጩ የሸወደኝ በዚችው እውነት ነው። ፈንገሱ አፈሩ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ያቀብላል እንጂ ከየትም አይፈጥርም። መሬቱ ድሃ ከሆነ ፎስፈረስ ያለበትን ዳፑን መተው ዘበት ነው። ጎመን ደግሞ ከማይኮራይዛ ጋር ጭራሽ አይወዳጅም። «ለጎመኑም» ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ።

የምትገዙ ከሆነ የሰብሉ ስም ለይቶ የተጻፈበትን፣ ቀኑ የሚነበበውን፣ ጥላ ውስጥ የተቀመጠውን ውሰዱ። ባለ 125 ግራሙ ፓኬት ለሩብ ሄክታር ነው። ዘሩን ጥላ ስር በባክቴሪያው አሽታችሁ ወዲያው እርጥብ መሬት ላይ ዝሩ። ፀረ ተባይ የተቀባ ዘር ባክቴሪያውን ሊገድለው ይችላል። መሬታችሁ አሲዳማ ከሆነ መጀመሪያ ኖራ።

ሱቁ ተመልሼ ሄጄ ነበር። «መሬትህ ነው» አለኝ። ደረሰኝ የለኝ፣ ምን ልበል? ፓኬቶቹ አሁንም በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።